የሸኮ እርድ እርጥብ አይደለም

ሆሳዕና ይስሐቅ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ወደ ሸኮ እንደተመለሰች አፕላይድ ኬሚስትሪ መምረጧን ለቤተሰቧ ነገረች። እናቷ ንጋቷ የምትቀነጥሰውን ጎመን ተወት አድርጋ ቀና አለች።

"ታዲያ ነርስ የምትሆኚው መቼ ነው?"

"ነርስ አልሆንም፣ እማዬ። ፋብሪካ ነው የምገባው።"

"የምን ፋብሪካ?"

እናቷ አልተሳሳተችም። ሸኮ ተወልዳ ላደገች ልጅ ፋብሪካ ማለት ገበያው ዳር ቀኑን ሙሉ ሲንጎደጎድ የሚውለው የእህል ወፍጮ ነበር። ጎረቤቶቹም ወሬውን ሲሰሙ "ያው አስተማሪ ልትሆን ነው" ብለው ደመደሙ። ነገሩን ያላጣጣለው አባቷ ይስሐቅ ብቻ ነው። ደጃፍ ተቀምጦ የዶማ እጀታ እየጠረበ ነበርና ቀና ሳይል፣ "ተያት። ይቺ ልጅ የዝንጅብሉን ነገር አልረሳችም" አለ።

የዝንጅብሉ ነገር እንዲህ ነው። ሆሳዕና የአስር ዓመት ልጅ ሳለች የአካባቢው ሰው ሁሉ ዝንጅብል አምራች ነበር። አንድ ክረምት ላይ የዝንጅብሉ ቅጠል ከዳር ቢጫ እየሆነ፣ እየተጠቀለለ መውደቅ ጀመረ። ሥሩን ነቅለው ሲጨምቁት ወተት የመሰለ የሚገማ ፈሳሽ ይወጣዋል። አንዱ ቡዳ በላው አለ፣ ሌላው መሬቱ ተቆጥቷል አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የይስሐቅ ማሳ እንዳለ ተኛ። በመጨረሻ አንድ የግብርና ሠራተኛ መጥቶ ጥቂት ሥር በፕላስቲክ ከረጢት አሰረና፣ የይስሐቅን ስምና የቀበሌውን ስም ጽፎበት ይዞት ሄደ። ከወር በኋላ ሲመለስ የበሽታውን ስም ይዞ መጣ፤ አጠውልግ የሚባል፣ በአፈር ውስጥ የሚቆይ፣ ዓይን የማያየው ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ሌላ ነገር ትከሉ አላቸው። ይስሐቅም እርድ ተከለ።

ትልልቆቹ ሰዎች በመድኃኒቱ መጥፋት ሲተክዙ፣ ትንሿ ሆሳዕና ግን ሰውየውን እስከ መንገድ ተከትላ፣ "እንዴት አወቃችሁት?" አለችው።

"ላቦራቶሪ ገብቶ ታየ።"

"ምን ተደርጎ ታየ?"

ሰውየው ሳቀ። "እሱን እንኳ እኔም በደንብ አላውቀውም" ብሎ ሄደ። ያ መልስ ለዓመታት ሲከነክናት ኖረ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ቴፒ ግቢ ስትገባ መጀመሪያ ያስቸገራት ሙቀቱ አልነበረም፤ የገዛ እጇ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ከክፍሏ አንደኛ ከሚባሉት ተርታ ነበረች። የተግባር ሥራው ላይ ግን ጉድ ሆነች። ከረጅሙ የመስታወት ቱቦ፣ ቡሬት ከሚሉት፣ ጠብታ በጠብታ እየለቀቁ በብልቃጥ ያለው ፈሳሽ ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን ወዲያው ማቆም ነው ሥራው። የሆሳዕና ብልቃጥ ፈዛዛ ሮዝን ዘልሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም አበላሸች። በዚያ የላቦራቶሪ ፈተና ከአርባ ተማሪ መጨረሻ ከወጡት ሁለቱ አንዷ እሷ ነበረች።

ተማሪው ሁሉ ሲወጣ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ ወልደአማኑኤል ብርጭቆዎቹን እየሰበሰቡ አይተዋት ኖሮ፣ "አንቺ ልጅ፣ ቡና ለቅመሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

"አዎ፣ ጋሼ። ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"ቀይ ቀዩን ስትለቅሚ አረንጓዴው አብሮ እንዳይመጣ እጅሽ ምን ያደርጋል?"

አሰበች። "ይጠብቃል።"

"እንግዲያው እዚህም ይጠብቅ። ጭንቅላትሽ ስለፈጠነ እጅሽም መፍጠን አለበት ያለሽ የለም።" ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ዕቃ ብታጥብላቸው፣ ከታጠበ በኋላ በተራ ውሃ እንድትለማመድ እንደሚፈቅዱላት ነገሯት።

ሆሳዕና አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ቅዳሜዎቿን እዚያ አሳለፈች። ጓደኞቿ ገበያ ሲወጡ፣ እሷ ግማሽ ጠብታ በቱቦው ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ማቆምን ተማረች። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሃያ ዓመት በላይ በላቦራቶሪ የሠሩ፣ ዲግሪ የሌላቸው፣ ግን የትኛው ሚዛን ጠዋት ጠዋት እንደሚዋሽና የትኛው ብልቃጥ ስንጥቅ እንዳለው በዳሰሳ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲመጣ የሆሳዕና ውጤት ከትክክለኛው ቁጥር የራቀው የፀጉር ያህል ብቻ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ወረቀቱን አዩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመደርደሪያውን ቁልፍ ራሱን ሰጧት።

በአራተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ተማሪዎቹ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ በየፋብሪካው ተመደቡ። ለሆሳዕና የደረሳት ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የቅመማ ቅመም ማዘጋጃ ነው። እርድና ኮረሪማ ከገበሬ ተቀብሎ፣ አጥቦ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ነው። ባለቤቱ አቶ ሰይፈዲን የቡና ንግዳቸውን ሳይተው ወደ ቅመም የገቡ፣ ከሠራተኛ ጋር አብረው ጆንያ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ጥራት ክፍሉን የያዙት ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ሲፈትሹ የኖሩ፣ ቃላቸው ድርጅቱ ውስጥ የማይታጠፍ ሴት ነበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት የሸኮ ገበሬዎች ማኅበር እርድ በመኪና መጣ። ከሰባት ገበሬ የተሰበሰበ ነው፤ የእያንዳንዱ ጆንያ ላይ ስም አለበት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከየጆንያው ናሙና አስፈጭተው መዘኑ፣ በመቶ አምስት ዲግሪ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አስቀመጡ፣ አውጥተው እንደገና መዘኑ። የጎደለው ክብደት ውሃ ነው ተብሎ ይያዛል። ድርጅቱ የሚቀበለው ከመቶ አስራ ሁለት እጅ በታች ውሃ ያለውን ብቻ ነው። ሰባቱም ከዚያ በላይ ሆኑ። ሰባቱም ይመለሱ ተባለ።

በሩ ላይ ጫጫታ ተነሳ። ሕዝቅያስ የሚባል የማኅበሩ ሰው አንዱን እርድ አውጥቶ በእጁ ሰበረው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። "ይኸው! ይሄ ነው እርጥብ? ሸኮ ውስጥ ከዚህ የደረቀ ነገር የለም!" እያለ ጮኸ። ሆሳዕና በመስኮት ስታይ አባቷን ከሰዎቹ መካከል አገኘችው። ይስሐቅ አልጮኸም። ጆንያውን በትከሻው አድርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ናሙናዎቹን እንድትደግም ታዘዘች። ምድጃውን ስትከፍት ያ ሞቃት፣ አፍንጫን የሚወጋ የእርድ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ብዙ ጊዜ የሸተታት ነገር ነው። ያን ዕለት ግን እጇ በምድጃው በር ላይ እንዳለ ቀረ። ውሃ አይሸትም። ይሄ የሚሸታት ከእርዱ ውስጥ የወጣ ዘይት ነው። ዘይቱም ከወጣ፣ ክብደት ይዞ ነው የወጣው።

ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጠረጴዛ ሄደች። "እትዬ፣ ከምድጃው ሲወጣ የሚጎድለው ሁሉ ውሃ ባይሆንስ?"

"ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

"ዘይቱ። ቡና እንዲህ ያለ በሙቀት የሚተን ዘይት እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ ምድጃው ለቡና አይዋሽም። እርድ ግን አለው። ጥሩ እርድ ከሆነ ደግሞ ብዙ አለው።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። "ከተመለሱት ገበሬዎች አንዱ ይስሐቅ የሚባል ነው። ያንቺም የአባት ስም ይስሐቅ ነው።"

የሆሳዕና ፊት ጋለ። ልትክድ አልፈለገችም። "አባቴ ናቸው።"

"እና ስለ አባትሽ ነው የምትከራከሪኝ?"

"ስለ ምድጃው ነው፣ እትዬ። የማያምኑኝ ከሆነ ስሞቹን አንሥተው በቁጥር ይተኩልኝ። የትኛው የማን እንደሆነ እርስዎ ብቻ ይወቁት። እኔ በሌላ መንገድ ልለካው።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሰባት ትንንሽ ከረጢት አወጡና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቁጥር መጻፍ ጀመሩ።

ሌላው መንገድ ቴፒ ነበር ያለው። ቶሉይን ከሚባል ፈሳሽ ጋር የተፈጨውን እርድ ሲያፈሉት፣ ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ፣ ቀዝቅዞ፣ መስመር በተሰመረበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይወርዳል። ዘይቱ ከቶሉይኑ ጋር ተቀላቅሎ ከላይ ይቀራል፤ ውሃው ብቻውን ከሥር ይተኛል። ስንት እንደሆነ በዓይን ይነበባል። ትምህርት ክፍሉ ፈቀደ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕናና ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሚዛን በሚኒባስ ተነሥተው፣ ሸኮን አልፈው፣ ቴፒ ደረሱ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከረጢቶቹን ከእጃቸው አልለቀቁም።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ቀድመው ዕቃውን ገጥመው ጠበቋቸው። ቶሉይን በእሳት የሚቀልዱበት ነገር ስላልሆነ ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ነው፤ እንፋሎቱን የሚስበው ማራገቢያ ያጉረመርማል። ሆሳዕና ጓንቷን አጠለቀች፣ ከቁጥር አንድ ከረጢት ሃምሳ ግራም መዘነች።

ፈሳሹ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ መንተክተክ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያዋ የውሃ ጠብታ በቱቦው ውስጥ እንደ ጨሌ ተንከባልላ ከሥር አረፈች። ሌላ ተከተላት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ወንበር ስበው ቱቦው ፊት ተቀመጡ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከዚያ አልተነሡም። ጠብታው ሲያቆም፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ፣ ሆሳዕና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ዓይኗን ከመስመሩ ጋር አስተካከለች።

"አራት ነጥብ ስድስት ሚሊ ሊትር። ከሃምሳ ግራም። በመቶ ሲሰላ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ደብተራቸውን ገለጡ። ምድጃው ለዚሁ ናሙና የሰጠው አስራ ሦስት ተኩል ነበር። "ድገሚው" አሉ።

ደገመችው። አራት ነጥብ ሰባት መጣ።

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድም ከጸሎት መልስ ሠሩ። ቁጥር ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁሉም ከአስራ ሁለት በታች ናቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሁለተኛው ቀን ላይ ጓንት ጠይቀው ራሳቸው መመዘን ጀመሩ። ቁጥር አምስት ላይ ግን ጠብታው አላቆም አለ። ሰባተኛውን መስመር አልፎ ሰባት ነጥብ አንድ ላይ ቆመ። አስራ አራት ነጥብ ሁለት በመቶ። ሆሳዕና ሳትጠየቅ ደገመችው፤ ያው ሆነ። ስድስትና ሰባት እንደገና ደረቅ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት በአቶ ሰይፈዲን ቢሮ ሦስቱ ተቀመጡ። ሆሳዕና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ምድጃው ምን እንደሚያደርግ፣ ቱቦው ምን እንዳሳየ፣ በቀስታ አስረዳች። አቶ ሰይፈዲን ሳያቋርጡ ሰሙና፣ "ስለዚህ ደረቁን እርጥብ እያልን ስንመልስ ነበር?" አሉ።

"አዎ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ዘይት የበዛበት እርድ ነው በምድጃው ብዙ የሚጎድለው። አጥብቀን ስንመልስ የነበረው ምርጡን ነው።"

አቶ ሰይፈዲን ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "ቁጥር አምስትስ?"

"ቁጥር አምስት በሁለቱም መለኪያ እርጥብ ነው። እሱ መመለሱ ልክ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ የስሞቹን ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። አነበቡት፤ ወዲያው ግን አልተናገሩም። ወደ ሆሳዕና ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቁጥር አምስት የአባትሽ ነው። ከፈለግሽ አንድ ጊዜ ልንደግመው እንችላለን።"

ሆሳዕና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ስድስቱ ጎረቤቶቿ እርዳቸውን አራግፈው ሲመለሱ፣ አባቷ ብቻውን እርዱን ሲያሰጣ በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። "ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ እትዬ" አለች። "አስራ አራት ነጥብ ሁለት ነው።"

አቶ ሰይፈዲን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ስልካቸውን አነሡ። ወዲያውኑ ወደ ሕዝቅያስ ደወሉ፤ በሁለቱ ሴቶች ፊት ይቅርታ ጠየቁት፣ የስድስቱን እንቀበላለን፣ ሰባተኛው ደርቆ ይምጣ አሉ።

የዚያ ሳምንት መጨረሻ ሆሳዕና ወደ ሸኮ ሄደች። አባቷን ግቢው ውስጥ እርዱን በተነጠፈ ሸራ ላይ ዘርግቶ በእጁ እያገላበጠ አገኘችው። አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ወሬው ቀድሟት እንደደረሰ ከአቀማመጡ አወቀች።

"አባዬ፣ የለካሁት እኔ ነኝ።"

"ሰማሁ።" እርዱን ማገላበጡን አላቆመም። ሲናገር በሸኮኛ ነበር፣ ቀስ ብሎ። "እኔ ደግሞ ያልነገርኩሽ ነገር ነበረኝ። ሊጫን ሁለት ቀን ሲቀረው ዝናብ አግኝቶታል። ሰው ሁሉ ሲጭን ወደ ኋላ መቅረት ከበደኝና አብሬ ጫንኩት። ያን ቀን በሩ ላይ ሕዝቅያስ ሲጮህ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።"

"ስለካው የአንተ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

"ካወቅሽ በኋላስ?"

"ካወቅሁ በኋላም ያው ነው ያልኩት።"

ይስሐቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። መዳፉ በእርድ ቢጫ ሆኗል። በዚያው መዳፍ ራሷን ዳሰሳት፤ ፀጉሯ ላይ ቢጫ ምልክት ቀረ። "እንግዲህ ማንም ስለ አንቺ ሥራ አንድ ቃል ሊናገር አይችልም" አለ። "እኔ ምስክር ነኝ።"

ሆሳዕና የመመረቂያ ጥናቷን በዚሁ በእርድ ዘይትና ውሃ ላይ ሠራች። ፈታኞቹ ፊት ቆማ ስታቀርብ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሚዛን መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል ደግሞ በበሩ በኩል ቆመው፣ ውጤቱ ሲነገር ነጭ ጋወናቸውን አስተካክለው ማንም ሳያያቸው ወጡ። አቶ ሰይፈዲን የመስታወቱን ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ ለጥራት ክፍሉ የኬሚስት ቦታ ከፈቱ። ማስታወቂያ ወጥቶ ዘጠኝ ሰው ተወዳደረ፤ ሆሳዕና ተፈትና አንደኛ ወጣች። በሙሉ ደመወዝ የተቀጠረች ዕለት ወይዘሮ ጥሩነሽ ምድጃውን ለቡና ብቻ እንዲሆን ወደ ሌላ ክፍል አስወጡት።

አሁን የሸኮና የሸዋ ቤንች ገበሬዎች እርድ ሲያመጡ ውጤታቸውን ቆመው ያያሉ፤ ቱቦውን በመስኮት በኩል ማየት ይፈቀድላቸዋል። ሆሳዕናም በየመከሩ ወቅት እየወጣች እርዱ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ፣ ዝናብ ሲመጣ እንዴት እንደሚሸፈን ታሳያለች። አብዛኛውን በአማርኛ፣ ሽማግሌ ሲያጋጥማት በሸኮኛ ታስረዳለች።

ባለፈው ጥር ይስሐቅ የራሱን እርድ ይዞ መጣ። ሆሳዕና ከናሙናው አጠገብ አልደረሰችም፤ የሥራ ባልደረባዋ ትዝታ ለካችው። ይስሐቅ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከሌሎቹ ገበሬዎች ጋር ቆሞ፣ ጨሌ የመሰሉት ጠብታዎች ሲወርዱ ይቆጥር ነበር። ትዝታ "ዘጠኝ ነጥብ ስምንት!" ብላ ስትጣራ ከሰዎቹ መካከል አንድ አዲስ ገበሬ ወደ ይስሐቅ ጠጋ ብሎ፣ "እዚህ ሰው ካለህ ያሳልፉሃል አይደል?" አለው።

ይስሐቅ ከልቡ ሳቀ። በጣቱ ወደ ውስጥ፣ ሌላ ቱቦ ላይ አጎንብሳ መስመር ወደምታነበው ወጣት ሴት አመለከተ።

"ያቺን ታያታለህ? ልጄ ናት። ከሰባት ሰው የእኔን ብቻ የመለሰችው እሷ ናት" አለው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።